የትኛው ሳይክል ይሻለኛል? በአዲስ አበባ መሃል ለመንዳት የሚያስቡ ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቁን

ሳይክል ልገዛ ነው የሚል ሰው ሁሉ እነዚህን ይጠይቀኛል፤ ከቀላሉ ጀምሬ ወደሚያከራክረው እሄዳለሁ።

የሳይክል ዓይነቶች ልዩነታቸው ምንድን ነው?

ማውንቴን የሚባለው ወፍራም ጥርሳም ጎማ ያለው ነው። ከፊት፣ አንዳንዱ ከኋላም አሞርዛተር አለው። የተሠራው ለፒስታና ለተራራ ነው። ኮርስ ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ ጎማው ቀጭን፣ መሪው ወደ ታች የታጠፈ፣ ክብደቱ ቀላል፣ ለፍጥነትና ለጥሩ አስፋልት የታሰበ። ሃይብሪድ የሁለቱ መሃል ነው። መሪው ቀጥ ያለ ነው፣ ጎማው ከ35 እስከ 45 ሚሊ ሜትር ይሰፋል፣ ብዙውን ጊዜ ፓራፋንጎና የኋላ ዕቃ መጫኛ የሚታሰርበት ቦታ አለው።

ከነዚህ ውጪ ቀና ብላችሁ የምትቀመጡበት የከተማ ሳይክል፣ ባለ 20 ኢንች ጎማ ተጣጣፊ፣ ኤሌክትሪክ፣ እና ቢኤምኤክስ አለ። ቢኤምኤክስ ለጨዋታና ለትርኢት ነው። አንድ ማርሽ ብቻ ስላለው ሥራ ለመመላለስ አስባችሁ አትግዙት።

ከመግዛቴ በፊት መጀመሪያ ምን ላስብ?

መንገዳችሁን። በየቀኑ ከየት ወደ የት ነው የምትሄዱት? ዳገቱ ያለው ስትሄዱ ነው ስትመለሱ? አዲስ አበባ ከደቡብ ወደ ሰሜን እየወጣች የምትሄድ ከተማ ናት። ቦሌ የሚኖርና አራት ኪሎ የሚሠራ ሰው ጠዋት ላቡን ያፈሳል፣ ማታ ግን እየተንሸራተተ ቤቱ ይገባል። አራት ኪሎ የሚኖርና ቦሌ የሚሠራው ደግሞ ጠዋት ደረቅ ሸሚዝ ለብሶ ቢሮ ይደርሳል፣ ድካሙ የሚጠብቀው ከሥራ በኋላ ነው። ሁለቱ ሰዎች አንድ መንገድ ላይ ናቸው፤ የሚያስፈልጋቸው ሳይክል ግን ላይመሳሰል ይችላል።

እኔ ሁልጊዜ የምመክረው ይሄ ነው። አንድ ቀን መንገዱን በእግራችሁ ወይም በታክሲ ሂዱበትና የት የት ዳገት እንዳለ፣ የት አስፋልቱ እንደተቦረቦረ፣ የት ኮብልስቶን እንዳለ፣ የትኛው ጋ የሳይክል መስመር እንዳለ በወረቀት ጻፉ። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በኮሪደር ልማቱ ከተሠሩት መንገዶች ብዙዎቹ የሳይክል መስመር አላቸው። ከዋናው መንገድ ወደ ሰፈር ውስጥ ስትታጠፉ ግን ነገሩ ይለወጣል። ያቺን ወረቀት ይዛችሁ ሱቅ ከሄዳችሁ የሻጭ ወሬ አያሳስታችሁም።

አንዱን ብቻ ምረጥልኝ፤ ለጀማሪ የቱ ነው?

ሃይብሪድ። እሱ ካልተገኘ ከፊት ብቻ አሞርዛተር ያለው ቀለል ያለ ማውንቴን ገዝታችሁ ጎማውን ጥርስ በሌለው የአስፋልት ጎማ ቀይሩት። ከመስቀል አደባባይ ቦሌ፣ ከሜክሲኮ ሳር ቤት፣ ከካሳንቺስ ኡራኤል ለሚመላለስ ሰው ከዚህ የተሻለ አላውቅም።

«አዲስ አበባ ውስጥ ያለ ማውንቴን አይነዳም» ይባላል። እውነት ነው?

ግማሹ እውነት ነው። ጉድጓድ፣ ከአስፋልቱ ዝቅ ወይም ከፍ ያለ የቱቦ ክዳን፣ ኮብልስቶን፣ ከግንባታ የተራረፈ ጠጠር አለ፤ ወፍራም ጎማ ይህን ሁሉ ይችለዋል። የማውንቴን ትንሿ ማርሽም ለዳገት በጣም ትረዳለች። እስከዚህ ድረስ ትክክል ናቸው።

ስህተቱ ያለው ጥርሳሙ ጎማና የኋላ አሞርዛተሩ ላይ ነው። እኔ ራሴ የተሸወድኩት እዚህ ጋ ነው። የመጀመሪያ ሳይክሌን ስገዛ ሻጩ «ባለ ሁለት አሞርዛተር ነው፣ ዳገት አይሰማህም» ብሎኝ አመንኩት። ክብደቱ 18 ኪሎ ነበር። በማግስቱ ከለገሃር ወደ ፒያሳ በቸርችል ጎዳና ወጣሁ። ጥቁር አንበሳ አካባቢ ስደርስ ጎንበስ ብዬ ወደ ኋላ አየሁ። ፔዳሉን በረገጥኩ ቁጥር ከኮርቻው ሥር ያለው ሞላ ቁጭ ብድግ ይላል። ጉልበቴ ጎማውን ከማዞር ይልቅ ሞላውን እያሸ ነበር። ቴዎድሮስ አደባባይ ወርጄ ገፋሁት። ርካሽ ባለ ሁለት አሞርዛተር ሳይክል ለከተማ ዳገት አይሆንም፣ ይህን በሙሉ ልቤ ነው የምላችሁ። ጥሩ የሚባሉት ደግሞ ዋጋቸው የሚቀመስ አይደለም፣ የተሠሩትም ለጫካ መንገድ ነው።

እንጦጦ ፓርክ ውስጥ ባለው የአፈር መንገድ ለመንዳት፣ ወይም ቅዳሜና እሁድ ከከተማ ወጣ ለማለት ካሰባችሁ ግን ማውንቴን ያለ ጥርጥር።

ባለ 21 ማርሽ ይሻላል ባለ 8?

በቁጥሩ አትፍረዱ። ለአዲስ አበባ ዋናው ጥያቄ ትንሿ ማርሽ ምን ያህል ቀላል ናት የሚለው ነው። ይህንን ደግሞ ሱቅ በር ላይ ቆማችሁ መቁጠር ትችላላችሁ። ከፊት፣ ፔዳሉ ጋ ካሉት ጥርሳም ክቦች የትንሹን ጥርሶች ቁጠሩ፤ ከኋላ ደግሞ የትልቁን። የፊቱ 28፣ የኋላውም 28 ከሆነ ፔዳሉ አንድ ዙር ሲዞር ጎማውም አንድ ዙር ይዞራል ማለት ነው። የኋላው ከፊቱ በበለጠ ቁጥር ዳገቱ እየቀለለ ይሄዳል። የፊቱ 42 ሆኖ የኋላው 28 ከሆነ ግን ማርሹ 21ም ይሁን 30 ቸርችል ላይ ያስለቅሳችኋል።

እዚህ ላይ አየራችንን አስታውሱ። መሃል ከተማው ከባህር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። አንድ ጊዜ ስትተነፍሱ የምታገኙት ኦክስጅን ከባህር ዳርቻ ከተማ ጋር ሲተያይ በሩብ ገደማ ያነሰ ነው። ውጭ አገር ሜዳ ላይ የሚነዳ ሰው «ሁለት ማርሽ ይበቃሃል» ቢላችሁ ለራሱ ከተማ እውነቱን ነው። ለእኛ አይሆንም።

ከፊት ሦስት ጥርሳም ክብ ካላቸው ይልቅ ከፊት አንድ ብቻ፣ ከኋላ ደግሞ ሰፋፊ ክብ ያላቸውን አዳዲሶቹን እኔ እመርጣለሁ። ማርሽ ለመቀየር የምታስቡት ነገር ያንሳል፣ ዳገት መሃል ላይ ሰንሰለት የመውለቁ ነገርም ይቀንሳል።

26፣ 27.5 ወይስ 29? ለቁመቴ የቱ ይሆናል?

እነዚህ የጎማ ቁጥሮች ናቸው። የሳይክሉ አካል ልክ ሌላ ነው። «26 ለአጭር ሰው፣ 29 ለረጅም» የሚለውን ብዙ ሰው ያምነዋል፣ ግን አይሠራም፤ በአንድ ዓይነት ጎማ ትንሽም ትልቅም አካል ይሠራል። የአካሉ ልክ ብዙ ጊዜ ከኮርቻው በታች ባለው ብረት ላይ 15፣ 17፣ 19 ተብሎ በኢንች ይጻፋል። ካልተጻፈ እንዲህ ለኩ። ሳይክሉን በሁለት እግራችሁ መሃል አድርጋችሁ ቁሙ። በላይኛው ብረትና በእናንተ መካከል ቢያንስ ሦስት ጣት የሚያስገባ ክፍተት መኖር አለበት። ከዚያ ተቀመጡና ተረከዛችሁን ዝቅ ያለው ፔዳል ላይ አድርጉ። እግራችሁ ቀጥ ካለ ኮርቻው ልክ ነው። በእግራችሁ ፊተኛ ክፍል ስትረግጡ ጉልበታችሁ ትንሽ እጥፍ ይላል፣ እንደዚያ ነው የሚፈለገው።

መንገድ ላይ ብዙ ሰው ኮርቻውን በጣም ዝቅ አድርጎ ጉልበቱን ደረቱ ድረስ እያመጣ ሲነዳ አያለሁ። እባካችሁ ከፍ አድርጉት። ጉልበታችሁን ታተርፋላችሁ፣ ዳገቱም ይቀላል።

ከጎማዎቹ ትልቁ ጉድጓድን ቀለል አድርጎ ያልፋል፣ ትንሹ ቶሎ ይነሳል፣ ልዩነታቸው ይኸው ነው። ለከተማችን ሌላ አንድ ነገር ልጨምር፤ የ26 ጎማና ካላማዳሪ በየቦታው ታገኛላችሁ፣ የሌላው መጠን ግን ሊያዞራችሁ ስለሚችል ትርፍ ገዝታችሁ ቤት አስቀምጡ። ቫልቮላውንም እዩት። ወፍራሙ፣ የመኪና ዓይነቱ ከሆነ የትኛውም ጎሚስታ ነፋስ ይሞላላችኋል። ቀጭኑ ከሆነ ትንሿን ማገናኛ ኪሳችሁ ውስጥ ካልያዛችሁ ጎሚስታው ፊት ቆማችሁ ትቀራላችሁ።

ለአዲስ አበባ ኮርስ ብስክሌት እብደት ነው?

በፍጹም። ኮርስ አገራችን ውስጥ ሥር ያለው ነገር ነው። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ ላይ ስትቀርብ፣ በ1956 እ.ኤ.አ. ሜልቦርን፣ ብስክሌተኞቿም ተወዳድረዋል። ጽጋቡ ግርማይ ደግሞ በ2016 እ.ኤ.አ. ቱር ደ ፍራንስን የነዳ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ነው። ይህን እያወቅሁ ኮርስ አትንዱ አልልም።

ለስፖርት ከሆነ፣ ጎህ ሲቀድ መንገዱ ጭር እንዳለ፣ የመኪናው ብዛት ሳይመጣ ረጅም ርቀት የምትነዱ ከሆነ፣ ከኮርስ የሚበልጥ ደስታ የለም። ለሥራ መመላለሻ ግን ሁለት ነገር አረጋግጡ። አንደኛ 28፣ ከተቻለም 32 ሚሊ ሜትር ጎማ የሚያስገባ ይሁን፤ 23 ሚሊ ሜትር ጎማ የቱቦ ክዳን ቀዳዳ ውስጥ ገብቶ ሊጥላችሁ ይችላል። ሁለተኛ ማርሹ። የድሮ የውድድር ኮርሶች የፊት ትንሹ ጥርሳቸው 39 ነው፣ ከኋላ ትልቁ 25 ወይም 23። ያ የሠለጠነ እግር ይፈልጋል።

ክረምት ላይ መንዳት እፈልጋለሁ። የዲስክ ፍሬን ግዴታ ነው?

ግዴታ አይደለም፣ ግን ልዩነቱን የምታውቁት ሐምሌ ላይ ነው። ከደጎል አደባባይ ወደ አራት ኪሎ ስትሄዱ መንገዱ መጀመሪያ ወደ ራስ መኮንን ድልድይ ይወርዳል። አንድ ጊዜ ዝናብ እየጣለ እዚያ ወረድኩ። ፍሬኑን ስይዝ ምንም የለም። ቸርኬው ላይ ያለው ውኃ እስኪጠረግ ጎማው አንድ ሁለት ዙር ዞረ፣ ከዚያ በኋላ ነው የያዘው። ያች ቅጽበት ረጅም ናት። ዲስክ ከቸርኬው ራቅ ብሎ መሃል ላይ ስለሚገኝ ጭቃና ውኃ ያን ያህል አያገኘውም፣ ቶሎ ይይዛል።

ከዲስክ በካቦ የሚሠራውን እመርጣለሁ። በዘይት የሚሠራው ለስላሳና ጠንካራ ነው፤ አየር ከገባበት ግን የሚያስተነፍስ መሣሪያና ትክክለኛውን ዘይት ያለው ባለሙያ መፈለግ ሊኖርባችሁ ነው። የካቦውን እናንተም በአንድ ቁልፍ ታጠብቁታላችሁ። በቸርኬ ላይ የሚይዘው ፍሬን ያላችሁ ደግሞ ክረምት ከመግባቱ በፊት የፍሬን ሸራውን ቀይሩ፣ ቁልቁለት ከመጀመሩ አስቀድማችሁ ቀስ አድርጋችሁ እየነካካችሁ ቸርኬውን አድርቁ። ፓራፋንጎ ደግሞ ይኑራችሁ። ያለ ፓራፋንጎ ክረምት ላይ ቢሮ መግባት ማለት ከወገባችሁ እስከ ማጅራታችሁ የጭቃ መስመር ይዛችሁ መግባት ማለት ነው።

ቀሚስ ለብሼ መንዳት እችላለሁ? «የሴት ሳይክል» የሚባለውን ልግዛ?

ትችያለሽ። የላይኛው ብረት ዝቅ ያለበት ሳይክል በቀሚስም በሙሉ ልብስም ለመውጣትና ለመውረድ ይቀላል። ለአዛውንቶች፣ ከኋላ ልጅ ወይም ዕቃ ለሚጭኑም እንደዚያው። «የሴት» የተባለው በልማድ ነው፤ ወንድም ቢነዳው ያው ሳይክል ነው። የሰንሰለት መሸፈኛ እንዳለው ብቻ እይ፤ የቀሚስ ጫፍ ሰንሰለት ውስጥ ከገባ መቀደዱ ብቻ አይደለም፣ ይጥላል።

የማስጠነቅቅሽ አንድ ነገር ነው። ከነዚህ ሳይክሎች ብዙዎቹ ለሜዳ አገር ስለተሠሩ አንድ ወይም ሦስት ማርሽ ብቻ አላቸው፣ ከባድም ናቸው። ቦሌ ዙሪያ ለሆነ ይበቃል። ስድስት ኪሎ ለሚወጣ ግን ሰባትና ከዚያ በላይ ማርሽ ያለውን ፈልጊ።

የምኖረው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ነው። ተጣጣፊ ልግዛ?

ሊፍት ለሌለው ሕንፃ ተጣጣፊ መልካም ነው። አብዛኛው ከ11 እስከ 14 ኪሎ ይመዝናል፣ አጥፋችሁ ከበር ጀርባ ታቆሙታላችሁ፣ ቢሮም ከጠረጴዛ ሥር ይገባል። ይህ ማለት ደግሞ ውጭ አታሳድሩትም፣ አይሰረቅም ማለት ነው። ለእኔ ትልቁ ጥቅሙ እሱ ነው።

ጉዳቱ ትንሽ ጎማው ነው። ትልቅ ጎማ ዘሎት የሚያልፈው ጉድጓድ ውስጥ ባለ 20 ኢንቹ ቁልቁል ይገባል፣ ስለዚህ ዓይናችሁ ከአስፋልቱ መነሳት የለበትም። አጥፌ ሚኒባስ ላይ እጭነዋለሁ ብላችሁ ደግሞ አትግዙት። በሥራ መግቢያና መውጫ ሰዓት ለራሳችሁም ቦታ ማግኘት ትግል ነው።

ዳገቱ አይቻልም። ኤሌክትሪክ ሳይክል ያዋጣል?

ለብዙ ሰው ያዋጣል። ላብ በላብ ሆኖ ስብሰባ መግባት ለማይችል፣ ጉልበቱን ለሚያመው፣ ዕድሜው ለገፋ ሰው የአዲስ አበባን ዳገት ሜዳ የሚያደርግለት እሱ ነው። መብራቱ ምን ያህል ይበላል ለሚለው፣ ባለ 500 ዋት ሰዓት ባትሪ ከባዶ እስከ ሙሉ ለመሙላት ግማሽ ኪሎዋት ሰዓት ትንሽ ቢያልፍ ነው። 3,000 ዋት የሚስብ የእንጀራ ምጣድ ይህንን በ10 ደቂቃ ይጨርሰዋል።

አሁን አስቸጋሪው። ሞተሩ የት ነው ያለው? ጎማው መሃል ላይ ከሆነ ርካሽና ቀላል ነው፣ ግን የሳይክሉን ማርሽ አይጠቀምም፤ ረጅም ዳገት ላይ ቀስ ብሎ እየጎተተ ይግላል። ፔዳሉ ጋ ያለው ሞተር በማርሹ በኩል ስለሚሠራ ዳገት ላይ ይበልጣል፣ ዋጋውም ይበልጣል። ክብደታቸው ከ20 ኪሎ በላይ የሆኑ ብዙ ናቸው። ባትሪው ካለቀ ያን ሁሉ ኪሎ በእግራችሁ ነው የምትገፉት፤ ስለዚህ ባትሪው ተነቅሎ ቢሮ የሚሞላ መሆኑን አረጋግጡ። ማታ ሰፈር መብራት ቢጠፋም አትቸገሩም። ባትሪውን የሚተካ ሰው እዚህ ከተማ ውስጥ መኖሩንም ሳትገዙ በፊት ሻጩን ጠይቁ፣ አድራሻውን ካልሰጣችሁ ተዉት።

በተመሳሳይ ዋጋ አዲስ ርካሽ ልግዛ ወይስ ያገለገለ ጥሩ?

ያገለገለ ጥሩ። ማየት ለሚችል ሰው ማለቴ ነው። አዲስ ርካሽ ሳይክል ፔዳሉ በወሩ ይላላል፣ ማርሹ አይስተካከልም፣ ብረቱ ከባድ ነው። ከአውሮፓ አገልግሎ የመጣ ደህና ሃይብሪድ ግን ተጠርጎና ሰንሰለቱ ተቀይሮ ዓመታት ይሄዳል።

ስታዩ ቀለሙ አያታላችሁ። መሪውና የፊተኛው ጎማ የሚገናኙበት ቦታ ሥር ጎንበስ በሉና ብየዳው ዙሪያ ጥፍራችሁን አስኪዱ። ጥፍር የሚይዝ መስመር ካለ ስንጥቅ ነው፤ ዋጋው ግማሽ ቢሆንም አትንኩት። ጎማውን አንስታችሁ አሽከርክሩና ቸርኬው የፍሬን ሸራውን ግራ ቀኝ ይነካ እንደሆነ እዩ። ፔዳሉን የያዘውን ክንድ ይዛችሁ ወደ ጎን ነቅንቁት፤ ከተወዛወዘ ኩሽኔታው አልቋል፣ እሱ ይቀየራል፣ ግን ከዋጋው ይቀነስ። በመጨረሻም ሜዳ ላይ ብቻ አትሞክሩት። አጠገባችሁ ካለ ዳገት ላይ ውጡና ትንሿ ማርሽ ላይ አስገቡት፣ ፔዳል ስትረግጡ ሰንሰለቱ ቢያመልጥ ጥርሱ ተበልቷል ማለት ነው። ሻጩ «ዳገት ላይ አይሞከርም» ካለ መልሱን አግኝታችኋል።

ደረሰኝ ወይም የሻጩን ማንነት የሚያሳይ ውል ሳትይዙ ደግሞ አትክፈሉ። የተሰረቀ ሳይክል መግዛት የሌላ ሰው እንጀራ መቀማት ነው።

ያለኝ ከባድ ማውንቴን ነው። ሸጬ ሌላ ልግዛ?

ቆይ፣ አትሽጥ። መጀመሪያ ጎማውን ቀይር። 1.5 ወይም 1.75 ኢንች፣ ጥርስ የሌለው፣ ያው የ26 ወይም የ29 ቸርኬህ ላይ የሚገባ። ነፋሱን ጎኑ ላይ በተጻፈው ልክ ሙላ፤ ብዙዎቹ ከ50 እስከ 70 PSI ይላሉ። የፊት አሞርዛተሩ መቆለፊያ ካለው ዳገት ላይ ቆልፈው። ኮርቻህን ከላይ እንዳልኩት ከፍ አድርግ፣ ሰንሰለቱን በጋዝ አጥበህ ዘይት ጠብ ጠብ አድርግበት። የፊት ትንሹ ጥርስህ ትልቅ ከሆነ እሱን ብቻ ማስቀየርም ይቻላል።

እኔ የ18 ኪሎውን ሸጬ ቀጥሎ የገዛሁት ተራ ባለ አንድ አሞርዛተር ማውንቴን ነበር። ጎማውን የቀየርኩለት ቅዳሜ ከሰዓት ነው። በማግስቱ እሁድ ያንኑ ቸርችልን ከለገሃር ጀምሬ ወጣሁት። ጥርሳሙ ጎማ አስፋልት ላይ የሚያሰማው እንደ ንብ ያለ ድምፅ የለም። ቴዎድሮስ አደባባይ ስደርስ አልወረድኩም፤ ትንሿ ማርሽ ላይ ሆኜ ቀስ እያልኩ፣ አንዲት እናት የያዙትን ዘንቢል ወደ ሌላኛው እጃቸው አዛውረው «በርታ ልጄ» እያሉኝ፣ ፒያሳ ደረስኩ።